መዝገብ ቤት ከመደቡኝ 3 ዓመት ሆነኝ፤ ይሄ ሥራ ሙያ ነው ወይስ ቅጣት?

ክፍል ዜሮ ሰባት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁሌ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን ልጻፍ።

በታሪክ ዲግሪ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ስሙ ይቅር። የቅጥር ደብዳቤዬ «የሪከርድና ማኅደር ሠራተኛ» ይላል። ክፍሉ ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር ነው። መስኮት የለውም። ጣሪያው ላይ የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ ያልፋል። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁለቱ ሠራተኞች ከአለቃ ጋር ተጣልተው ነው እዚያ የተወረወሩት። እኔ ከማንም ሳልጣላ ነው የገባሁት፤ ሰው ግን አያምነኝም። «ምን አድርገህ ነው?» ይሉኛል።

መደርደሪያው ላይ በሲባጎ የታሰረ ፋይልና ያበጠ ቦክስ ፋይል አለ። መሬቱ ላይ ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀጠቀ ወረቀት አለ። ከረጢቱ ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ስንዋሃድ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ነው። ፈትቶ ያየው የለም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እኛ ጋ በጽሑፍ ያለውን አይጥ ወርሶታል።

ሥራዬ ገቢ ደብዳቤ መመዝገብ፣ ወጪ ደብዳቤ ቁጥር መስጠት፣ ፋይል ሲጠየቅ መፈለግ ነው። ሲገኝ ማንም አያመሰግንም። ሲጠፋ ግን ስሜ እስከ ላይኛው ፎቅ ይደርሳል።

ሌላው ጉዳይ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው። የልጅቷ አባት «ምን ትሠራለህ?» አሉኝ። «ቢሮ» አልኩ። «ቢሮ ምን?» ሲሉ ሻዩ ትን አለኝ።

ይሄ ነገር ትምህርት አለው? የሚያደርስበት ቦታ አለ? ወይስ ሳልጃጅ ልውጣ?

አቧራ በቃኝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ውጣ ወንድሜ። 6 ዓመት ሠርቼ ያተረፍኩት ሳይነስ ነው። ክረምት ከበጋ አነጥሳለሁ። የእድገት ማስታወቂያ ሲወጣ ተወዳደርኩ፤ «አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ አይደለም» ብለው መለሱኝ። አሁን ባንክ ውስጥ ገንዘብ ቆጣሪ ነኝ። ብርም አቧራ አለው፤ ግን ቢያንስ ሰው ሰላም ይለኛል።

ለልጅቷ አባት «የመረጃ ባለሙያ ነኝ» በላቸው። ውሸት አይደለም።

የሳሪሱ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:11

«የመረጃ ባለሙያ» ካልክማ ደኅንነት ነው ብለው ልጅቷን ይደብቁብሃል።

ጡረተኛዋ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:20

ልጄ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። 31 ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ 5 ዓመቴ ነው። ይህን ያሳየችኝ የልጅ ልጄ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የፊደል ግድፈት ካለ የእሷ ነው።

ስለ ቅጣቱ እውነትህን ነው። በእኛም ጊዜ የተጣላ ሰው ነበር የሚላክልን። ከተላኩልን ውስጥ ግን ጎበዝ ሠራተኛ የወጣቸው ነበሩ፤ ቂማቸው ሲበርድ ወረቀቱን ማንበብ ይጀምራሉ።

አንድ ነገር ላጫውትህ። አንድ ቀን አንድ አባት መጡ። ከዘራ ይዘዋል፣ ጋቢያቸው ንጹሕ ነው። ጡረታቸው ሲሰላ 8 ዓመት ጎድሎባቸዋል። ከ1958 እስከ 1966 ዓ.ም. ገጠር በአንድ የመንገድ ሥራ ጣቢያ ሠርቻለሁ ይላሉ። ማስረጃ የላቸውም። በስማቸው ፋይል ፈለግን፣ የለም። ለ3 ሳምንት ተመላለሱ። አለቃዬ «የለም በያቸውና ይሂዱ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ሥራ ወዳድ ነው። ወረቀቱ ሁሉ የየጣቢያው ሆኖ ታስሮ ሲያይ አላማረውም። ሁሉንም ፈታና በሰው ስም በፊደል ተራ ደረደረው። ሲያዩት ያምራል። የግል ማኅደር የሌለው የቀን ሠራተኛ ወረቀት ግን የት ይግባ? «ልዩ ልዩ» ብሎ አንድ ሣጥን ውስጥ ከተተው። አንተም ጋ «ልዩ ልዩ» የሚል ሣጥን አለ። የሌለበት መዝገብ ቤት አላየሁም።

ያንን ሣጥን ብገለብጠው የማን ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ቀኑ አለ፣ ጣቢያው የለም። ስሙ አለ፣ የአባት ስሙ የለም። በመጨረሻ ከብረት ቁምሳጥን ኋላ የወደቀ አንድ ጥቅል አገኘሁ። ያ ሰውዬ ስላላየው አልፈታውም። የዚያው ጣቢያ የደመወዝ መክፈያ ነው፣ ወር በወር እንደታሰረ። ከ1958 ጀምሬ አንድ በአንድ ገለጥኩ። የአባታችን ስም በየወሩ አለ። መፈረም ስለማይችሉ በስማቸው አንጻር የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ በወይን ጠጅ ቀለም። ሳሳያቸው ዝም ብለው አውራ ጣታቸውን አሻራው አጠገብ አስቀመጡት። እያነጻጸሩ ነበር።

ስለዚህ ከረጢቱን ስትፈታ የአንዱን መሥሪያ ቤት ወረቀት ከሌላው አትቀላቅል። በውስጡም የነበረውን ቅደም ተከተል አታፍርስ፣ ቢያስጠላህም። ይህን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ በዓለም ላይ ያለ የመዛግብት ሰው ሁሉ የሚሠራበት ሕግ ነው። ለብቻው የተገኘ ወረቀት ወረቀት ብቻ ነው። ከጎኑ ማን እንደነበረ ሲታወቅ ነው ማስረጃ የሚሆነው።

ዲጂታል ብቻ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:15

ክብር ለእናታችን። ግን በዚህ ዘመን ጥቅል መፍታት ምን ያደርጋል? ጥሩ ስካነር ግዙ፣ ሁለት ልጅ ቅጠሩ፣ በ6 ወር ሁሉንም ፒዲኤፍ አድርጉት። ወረቀቱ ለወረቀት ፋብሪካ ይሸጥ። ክፍሉ ለካፌ ይሁን። እኔ አይቲ ነኝ፣ ይሄ ተአምር አይደለም።

ካርድ ክፍል | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:02

አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። የቴክኒክና ሙያ ዲፕሎማዬ ኤችአይቲ ነው፣ የጤና መረጃ ቴክኒሻን። ማለትም ክፍል ዜሮ ሰባት፣ ትምህርት አለው። እኛ ጋ ያለ ትምህርት አይገባም።

የካርድ ክፍል ሰው የሚፈረደው በደቂቃ ነው። በሽተኛው ወንበር ላይ ነው፣ ሐኪሙ ይጠብቃል። ካርዱ የሚቀመጠው በስም አይደለም፣ በቁጥር ነው። ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ሲመጣ ከስም ማውጫው እንፈልጋለን። ካርዱ ከመደርደሪያው ሲወጣ በቦታው ትሬሰር ካርድ እናስገባለን፤ ማን እንደወሰደው፣ ወደ የትኛው ክፍል፣ መቼ። ይህችን ቁራጭ ካርቶን የናቀ ሆስፒታል ለአንድ ሰው 3 ካርድ ያወጣል። አንዱ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ ተጽፏል፤ ሐኪሙ እጅ የገባው ሌላኛው ነው። የቀረውን አስቡት።

አንተም ትሬሰር ጀምር። ፋይል የሚጠፋው ከመዝገብ ቤት አይደለም፤ ከኃላፊዎች መሳቢያ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ የምትወቀሰው ግን አንተ ነህ። በፋይሉ ቦታ የወሰደው ሰው ስምና ፊርማ ካለ ነገሩ ይገለበጣል።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 8:30 በእናንተ

ከሥራ ወጥቼ ነው የማነበው። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ አርካይቪስት ነኝ፣ የመዛግብት ባለሙያ ማለት ነው። ዲጂታል ብቻ፣ ወንድሜ፣ ሐሳብህን አልጠላሁትም። ግን ስካን የሚደረገው ከተደረደረ በኋላ ነው። ያልተደረደረ ክፍል ስካን ስታደርግ የተዝረከረከ ክፍል ፎቶ ነው የምታገኘው። «ስካን 0001» እስከ «ስካን 48000»። ማን ይከፍተዋል?

ደግሞ አንተ አይቲ ስለሆንክ ይገባሃል። በ90ዎቹ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የተተየበ ፋይል ክፈት። የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተር ሁሉ በሚጋራው የፊደላት መለያ፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ቢሮዎቻችን ለዓመታት በአሮጌው ፎንት ነው የቀጠሉት። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ የሚታየው የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ቅልቅል ነው። የዐፄ ምኒልክን ደብዳቤ ዛሬም ታነባለህ፤ የ20 ዓመቱን ፍሎፒ ግን ማንበቢያው ራሱ የለህም። ዲጂታል የሆነ ነገር በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ቅርጽ ካልተሻገረ ይሞታል። እሱን የሚያሻግር ሰው ራሱን የቻለ ሙያተኛ ነው፤ በጣም ይፈለጋል።

ክፍል ዜሮ ሰባት፣ አሁን ወደ አንተ። እኔም የታሪክ ተማሪ ነበርኩ። በዲቪ መጥቼ 2 ዓመት ፓርኪንግ ሠራሁ። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ትንሽ የታሪክ ማኅበር ውስጥ በነፃ ማገልገል ጀመርኩ። ሥራው ስቴፕል መንቀል ነበር። እውነቴን ነው፣ 4 ወር ሙሉ የዛገ ስቴፕልና አግራፍ ነቀልኩ። በጥፍር አይነቀልም፤ በቀጭን ስፓቱላ ከሥሩ ነው የሚነሳ፣ አለዚያ ወረቀቱ ይቀደዳል። ቀጥሎ አሲድ የሌለው ፎልደር ውስጥ ማስገባት፣ ፎልደሩ ላይ በእርሳስ መጻፍ። እስክሪብቶ ክልክል ነው። ለወረቀት ጓንት አይደረግም፤ ታጥቦ የደረቀ እጅ ይበቃል፣ ጓንት ስሜት ይነሳና ጠርዙን ያስቀድዳል። ለፎቶግራፍ ግን ይደረጋል፣ የጣት ቅባት ምስሉን ስለሚበላው።

ከዚያ የማታ ኤምኤልአይኤስ፣ የላይብረሪና ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ማስተርስ ተማርኩ። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በአርካይቭ ዘርፍ ማስተርስ አለው። ታሪክንና ላይብረሪ ሳይንስን አጣምሮ ሁለት ዲግሪ የሚሰጥም አለው፤ ለእንዳንተ ዓይነቱ የተሰፋ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ትልቁ ሕንፃም እዚያው ኮሌጅ ፓርክ ነው። የፌዴራል መንግሥት የሥራ ማስታወቂያ ስትፈልጉ 1421 የሚለው ቁጥር የቴክኒሻን፣ 1420 የአርካይቪስት ነው። ለ1420 የታሪክ ኮርስ ብዛት ራሱ ይቆጠራል። ዜግነት ግን ይጠይቃሉ።

ሁሉም ማር አይደለም። እዚህ ለጀማሪ የሚወጣው ሥራ አብዛኛው የፕሮጀክት ነው፤ 1 ዓመት፣ 2 ዓመት፣ ከዚያ ደህና ሁን። እኔ ቋሚ ከመሆኔ በፊት 3 ቦታ ቀያየርኩ። ባለቤቴ «ሣጥን ተሸክመህ ሣጥን ትከተላለህ» ትለኝ ነበር።

አማርኛና ግዕዝ ማንበብ ግን እዚህ ወርቅ ነው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የቶማስ ኬን የኢትዮጵያ ብራናዎች ስብስብ አለው። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ትዊድ የሚባል የኢትዮጵያ ብራናዎች ስብስብ አለው። እዚያው ዋሽንግተን ያለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2017 ትልቅ ስብስብ በስጦታ አግኝቷል። እነዚህን ገልጦ ይሄ ድርሳነ ሚካኤል ነው፣ ይሄ የክታብ ጥቅል ነው የሚል ሰው በየመንገዱ አይገኝም።

ዲያቆን ዘባሕር ዳር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:10

«የክታብ ጥቅል» ስትል ፈገግ አልኩ። እናቴ ትራስ ሥር አላት።

ወንድሜ ክፍል ዜሮ ሰባት፣ የሥራህን ስም አስተውለኸዋል? ማኅደር ትላለህ። እኛ ጋ ማኅደር ብራናው የሚገባበት የቆዳ ከረጢት ነው። ማንገቻ አለው፣ ግድግዳ ላይ በችንካር ይሰቀላል። ከመሬት ከፍ ስለሚል እርጥበት አያገኘውም፣ ምስጥ አይደርስበትም። የጥንቱ ሰው ስለ እርጥበትና ተባይ ከእናንተ ቢሮ ይልቅ ያውቃል ማለት ነው።

አርካይቭ የፈረንጅ ነገር የሚመስለው አለ። አይደለም። የርስትና የጉልት ስጦታ የሚጻፈው የት ነበር? የወንጌል ባዶ ገጽና ዳር ላይ። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የገዳሙ ንብረት የተመዘገበበት እሱ ላይ ነው። ጎንደር ስትደርስ ደግሞ የመሬት ሽያጭ፣ ውርስ፣ ሙግት ሁሉ በየደብሩ መጽሐፍ ላይ ታገኛለህ፣ ከነምስክሮቹ ስም። ወንጌል የሚመረጠው ማንም ስለማይጥለው ነው። ከነጥበቃውም ይጻፍበታል፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይኩን።» የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ነው።

ሙያውን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውን የብራና ማይክሮፊልም ሥራ ተመልከት። በየገዳሙና በየደብሩ እየዞሩ ከ9 ሺህ በላይ መጽሐፍ ፊልም አነሱ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ገባ። እዚያ ተቀምጠው አንድ በአንድ እያነበቡ ዝርዝሩን ከጻፉት ዋነኛው ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በደርግ ጊዜ በጥይት ተመተው እግራቸው የማይታዘዝ ሆኖ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ነው የሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት ያገኙት መዝገብ ዘርዝረው ነው ብል አላጋነንኩም። ያንን ለአማትህ ንገር።

መማር ከፈለግህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊሎሎጂ አለ። ታሪክህ ላይ ግዕዝ ከጨመርክ ማን ይችልሃል።

የሕግ ሰው ነኝ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:48

አጭር ነገር። ዲጂታል ብቻ ወረቀቱ ይሸጥ ላለው። የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 179/1991። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ እንደ አሮጌ ወንበር በራስህ ሥልጣን አይወገድም፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሰው የግል መረጃ ያለበትንም እንዳገኙ መጣል አይቻልም፤ ከ2016 ጀምሮ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321 አለ። በሉካንዳ ቤት ሥጋ የተጠቀለለበት የደመወዝ ደብዳቤ ያየ ሰው ይገባዋል።

ደግሞ ወረቀት ያስፈርዳል። የደርግ ባለሥልጣናት ሲከሰሱ ዐቃቤ ሕግ ከምስክር ጎን ያቀረበው ራሳቸው የጻፉትን፣ የፈረሙትንና ቁጥር የሰጡትን ወረቀት ነበር። ቁጥር የሰጠው ደግሞ እንዳንተ ያለ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። በዚያን ቀን ምን እየመዘገበ እንደነበር አስብ።

ዲጂታል ብቻ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:30

እሺ፣ ይሸጥ ያልኩትን አንስቻለሁ። ስካነሩን ግን አላነሳም። አንድ ክፍል ቢቃጠል ሁለተኛ ቅጂ የት አለ? እናታችንም ሲልቨርም ይህን አልመለሱም።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:50 በእናንተ

እውነትህን ነው፣ ይሄ የጎደለ ነገር ነው። ብዙ የሚነካውንና በጣም የተጎዳውን አስቀድሞ ስካን ማድረግ። ዋናው ቅጂ ቲፍ የሚባለው የምስል ፋይል፣ ጥራቱ ቢያንስ 300 ዲፒአይ፣ ለሰው የሚሰጠው ፒዲኤፍ። 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከሕንፃው ውጭ። ሶፍትዌሩ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አቶም የሚባል ነፃ አለ፣ ለመዛግብት ዝርዝር ተብሎ የተሠራ። አንተ እሱን ብትጭንለትስ? እዚህ ስትከራከረን ከምትውል።

ዲጂታል ብቻ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:04

ሰርቨር ካላቸው እጭናለሁ። በነፃ ግን አንድ ጊዜ ነው።

ክፍል ዜሮ ሰባት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:15

ሰዎች፣ ሌላውን በኋላ። ያ ቧንቧ ማታ ፈነዳ። ጥዋት ስገባ የታችኛው መደርደሪያና 4 ከረጢት ውሃ ውስጥ ናቸው። አለቃዬ «ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አስጣው» አለኝ። ፋይሉን ውሃ በላው የሚሉት ዛሬ በዓይኔ አየሁ። ምን ላድርግ?

ጡረተኛዋ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:32

ፀሐይ ላይ አታስጣ! ወረቀቱ ይቆለመማል፣ ቀለሙም ይሄዳል። ካውያም እንዳትነካው።

አትደንግጥ፣ ግን አትዘግይ። ሻጋታ የሚጀምረው በሁለት ቀን ውስጥ ነው። መብራቱን ቆጣሪው ላይ አጥፋ። ውሃው ይጠረግ። ጥቅሉን ስታነሣ ከሥሩ ደግፈህ፣ በሳፋ ወይም በትሪ ተሸከም፤ በሲባጎው አታንጠልጥል። የረጠበ ወረቀት እንደ እንጀራ ነው፣ መሐሉን ይዘህ ካነሣኸው ይቀደዳል። የተጣበቀውን ገጽ ለማላቀቅ አትታገል። በትንሹ የረጠበውን ብቻ ነጠል ነጠል አድርገህ ንጹሕ አቡጀዴ ወይም ያልታተመበት ወረቀት መሐሉ አስገባ፣ ሲርስ ቀይር። ደረቅ ክፍል ውስጥ ቬንትሌተር ክፈት፣ ግን ወደ ወረቀቱ አታዙረው፣ አየሩ ይዙር። ከየትኛው መደርደሪያ እንዳነሣኸው በእርሳስ ጻፍ። ድንጋጤ ውስጥ ሁሉም ይቀላቀልና ኋላ ሌላ «ልዩ ልዩ» ይወለዳል።

አፍህን ሸፍን።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:50

እናታችን ጨርሰውታል። አንድ ልጨምር። በ2 ቀን የማታደርሰው በጣም የራሰ ካለ፣ በላስቲክ ለየብቻ ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ ክተት። በረዶ ሻጋታውን ያቆመዋል፤ ከሳምንታት በኋላ ትንሽ ትንሽ እያወጣህ ታደርቃለህ። ትልልቅ ቤተ መዛግብት ጎርፍ ሲመጣባቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ፎቶግራፍ ካለ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንዳይደርቅ፣ እሱን አስቀድም። ኮምፒውተርና ዲስክ ከራሰ አታብራው።

የሳሪሱ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:01

ሳሪስ ሥጋ ቤት ያለው ጓደኛ አለኝ። ዛሬ ጾም ነው፣ ፍሪዘሩ ባዶ ነው። ቁም ነገሬን ነው፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ነገደ ኦሪት | ዓርብ፣ ከቀኑ 10:20

ከእስራኤል ነው። ክሩ ረጅም ሆኖብኝ ዘግይቼ ገባሁ። እኛ ቤተ እስራኤላውያን ጋ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ቄሶቻችን ከጎንደርና ከትግራይ ሲሰደዱ ኦሪቱን በጀርባቸው ተሸክመው ነው የወጡት። ያ መጽሐፍ ዛሬ የቄሱ ቤት ይቆይ ወይስ ቤተ መጻሕፍት ይግባ የሚለው ሙግት አለ። ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ከማኅበረሰባችን ልጆች መርጦ በኦሪቱ ላይ የሚያስተምር የማስተርስ ፕሮግራም ከፍቷል። የእህቴ ልጅ ለመግባት እየሞከረች ነው። አያቷ ግን መጽሐፉን ለማንም አላበድርም ይላል። ስካን ለማድረግ እንኳ ካሜራዋን ይዛ እሱ ቤት መሄድ አለባት፣ ቡና ጠጥታ፣ ዜና ሰምታ፣ ከዚያ ገጽ በገጽ። ይሄም የሙያው አካል ነው፣ ሰውን ማሳመን።

ክፍል ዜሮ ሰባት | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:30

ይቅርታ ጠፋሁ። 3 ቀን አልተኛሁም። የሳሪሱ ሥጋ ቤት 2 ከረጢት ወስዷል፤ በሬ የሚሰቀልበት ቦታ የእኛ መሥሪያ ቤት ወረቀት ተደርድሯል። የቀረውን በኮሪደሩ ዘረጋን። «ዘረጋን» ያልኩት የጽዳት ሠራተኞቹና አንድ የሒሳብ ክፍል ልጅ ስለመጡ ነው። አለቃዬ ፎቶ ተነሥቶ ሄደ።

ከረጢቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታሁት፣ ሳልወድ በግድ። እማማ እንዳሉት ሳልቀላቅል። አብዛኛው የግዥ ወረቀት ነው። አንዱ ውስጥ ግን ከእኛ ጋር የተዋሃደው መሥሪያ ቤት ሲመሠረት ጀምሮ የነበረ የሠራተኞች መዝገብ አለ። ትልቅ ደብተር፣ በጨርቅ የተለበደ፣ ጠርዙ አረንጓዴ ሆኗል። የእጅ ጽሑፉ ቁልጭ ያለ ነው። ቅጥር፣ ደመወዝ፣ ዝውውር። በአንዳንዱ ስም አንጻር በቀይ «ሞተ» ተብሎ ተጽፏል፤ በአንዳንዱ በ1970 እና በ71 ዓ.ም. ምንም ሳይጻፍ መስመሩ ያቆማል። ለረጅም ጊዜ አየሁት። ቁጭ ብዬ መሆኑን ያስታወስኩት እግሬ ሲደነዝዝ ነው።

የካርድ ክፍሏን ትሬሰር ጀመርኩ። በጠንካራ ካርቶን ሠራሁ። በመጀመሪያው ቀን ከ3 ኃላፊ መሳቢያ 11 ፋይል ወጣ።

ዲያቆንን ደግሞ ላመስግን። «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» በትልቁ አትሜ በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ቆማ አነበበችውና «ይሄ የአይኤስኦ መሥፈርት ነው?» አለችኝ።

መውጣቱን ለጊዜው ትቼዋለሁ። የማታ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ልመዘገብ ፎርም ወስጃለሁ። የአፍሪካ ኅብረትም የድሮውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መዛግብት እዚሁ ከተማችን እንደያዘ ሰምቻለሁ፤ ፈረንሳይኛ ልጀምር ይሆን?

አቧራ በቃኝ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:44

11 ፋይል? እኔን የከሰሱኝ በ2 ነበር።

ካርድ ክፍል | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:50

ነገ የወሰዱበትን ቀን መጻፍ እንዳትረሳ። ቀን የሌለው ትሬሰር አይጠቅምም።

የሳሪሱ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:15

ልጁ ጾሙ ሲፈታ ፍሪዘሩን እፈልገዋለሁ ብሏል። ቀኑን ቁጠር። ደግሞስ የልጅቷን አባት ምን አልካቸው?

ክፍል ዜሮ ሰባት | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:31

ገና ነው። ግን ትናንት ደውለውልኝ ነበር። «ፋይል ቤት ነው አሉ የምትሠራው፣ የ1974 የቅጥር ደብዳቤዬ ጠፍቶብኝ ነበር» አሉ። የእኛ መሥሪያ ቤት አይደለም፣ እዚያ ያለችውን ልጅ አውቃታለሁ፣ እጠይቅልዎታለሁ አልኳቸው።

ጡረተኛዋ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05

ልጄ፣ ቧንቧው ተሠራ?

ክፍል ዜሮ ሰባት | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:20

አልተሠራም እማማ። የጥገና መጠየቂያው ፋይል ጠፍቷል አሉኝ። ባልዲ አስቀምጫለሁ።